የገዛው ሰዓት የገዛው ሰው

የአሜሪካን ምድር ባቡር አሮጌ የኪስ ሰዓት የሚሰበስቡ ሰዎች አንድ የሚወዱት ተረት አላቸው። ባጭሩ እንዲህ ነው። በቀድሞው ዘመን ባቡሮች ይጋጩ ነበር፤ ግጭቱም የሚመጣው ባቡር ነጂዎች ከሚይዙት ርካሽና የማይታመን ሰዓት ነበር፤ ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ብልህ የሰዓትና የጌጣጌጥ ነጋዴ ተነሣና ለሰዓት ሕግ አወጣ፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ሕግ የተሠራው ሰዓት የብዙ ሰው ነፍስ አዳነ። ተረቱ በሽያጭ ማስታወቂያ ይደገማል፤ በሰብሳቢዎች መጽሐፍ መግቢያ ይደገማል፤ ሰብሳቢው ስብስቡን ለእንግዳ ሲያሳይም ይደገማል። ይህን የምጽፈው ያንን ተረት ልቃወም ነው። ፈጽሞ ሐሰት ነው አልልም፤ ሐሰትስ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰነድ ጠርቶ ማፍረስ ይቻል ነበር። ተረቱ ግማሽ እውነት ነው። ተቆርጦ የቀረው ግማሽ ደግሞ ሰዓቱን በኪሱ ይዞ የኖረው ሰው ነው።

በግጥምና በወግ ገጽ ላይ ስለ ሞላና ስለ ጥርስ መዘውር ማንሣቴ የሚገርመው አንባቢ ቢኖር፣ ክርክሬ ስለ አተራረክ መሆኑን ይወቅልኝ። ታሪኩን ማን ይተርከዋል? ከማን ወገን ቆሞ? ማንንስ ከታሪኩ አስወጥቶ? ይህ ጥያቄ ከባቡርም ከሰዓትም በፊት የእኛው፣ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ጥያቄ ነው። (የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሜ ለዕቃው የሚገባውን ልስጠው። በማሳቹሴትስ የዋልታም፣ በኢሊኖይ የኤልጂን፣ በፔንሲልቬንያ ላንካስተር ከተማ የሃሚልተን፣ በስፕሪንግፊልድ ደግሞ የኢሊኖይ ፋብሪካዎች የሠሯቸው የምድር ባቡር ሰዓቶች የሚያስደንቁ ናቸው። ከ1890ዎቹ ወዲህ ቀስ በቀስ እየጠበቀ የሄደው መመዘኛ ከሰዓቱ ብዙ ይጠይቅ ነበር። ክዳን አይኑረው፤ ፊቱ የተገለጠ ይሁን። ነጭ ገጹ ላይ ደማቅ ጥቁር አኃዝ ይጻፍበት። መሙያው በ12 ቁጥር አናት ላይ ይሁን። ቢያንስ 17 እንቁ ይኑረው፤ እንቁ ማለት እዚህ ላይ ጌጥ አይደለም፤ የመዘውሩ ዘንግ ጫፍ ሲሽከረከር እንዳይበላ የሚያደርግ ጠንካራ ድንጋይ ነው። በአምስት አቅጣጫ ቢያስቀምጡት፣ ብርድና ሙቀት ቢፈራረቁበት አይዛባ። በሳምንት ውስጥም ከ30 ሰኮንድ በላይ አይቅደም፣ አይዘግይ። ሳምንት 604,800 ሰኮንድ ነው። በከሰል ጭስና በማያባራ ንቅናቄ መካከል ይህን ያህል መታመን ለሰውም የሚከብድ ነው።

ከባሕርዩ ሁሉ አንዱ ይበልጥ ይማርከኛል። በተራ የኪስ ሰዓት መሙያውን ሳብ አድርገው ቢያዞሩት ጠቋሚዎቹ ይዞራሉ። በምድር ባቡር ሰዓት ግን እንዲህ የለም። የፊቱን መስታወት ከነክፈፉ ፈትቶ ማንሣት፣ ከገጹ ጠርዝ ሥር የተሸሸገችውን ቀጭን ምላስ በጥፍር ስቦ ማውጣት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መሙያውን ማዞር ያስፈልጋል። ሰውየው ሰዓቱን ሲሞላ ሳያስበው ጊዜውን እንዳይለውጥ የተደረገ ጥንቃቄ ነው። ጊዜን ሆነ ብሎ ካልሆነ በቀር መለወጥ እንዳይቻል ያደረገ ዕቃ! ስንት የታሪክ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ምላስ በተገጠመለት።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ? በዚያ ዘመን አብዛኛው የአሜሪካ ሐዲድ ነጠላ ነበር፤ ሁለት ባቡሮች ከሁለት አቅጣጫ በአንድ ሐዲድ ይመጣሉ። በመካከላቸው የሚቆም ግድግዳ የለም፤ የሚለያያቸው ደቂቃ ነው። አንዱ በመርሐ ግብሩ መሠረት በዚህ ሰዓትና ደቂቃ ከዚህ ጣቢያ ገብቶ ወደ ጎን ሐዲድ ይወጣል፤ ሌላው ያልፋል። እስከ ኖቬምበር 18 ቀን 1883 ድረስ ደግሞ ከተማው ሁሉ የየራሱን ቀትር ይቆጥር ስለነበር፣ ኩባንያዎቹ በዚያ ቀን አገሩን በሰዓት ክልል ከፋፈሉት። የአሜሪካ ምክር ቤት ይህን በሕግ ያጸደቀው በ1918 ነው። ለ35 ዓመት የአገሩ ቀትር የኩባንያዎች ቀትር ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ተረቱ። በኤፕሪል 1891 በኦሃዮ ግዛት ኪፕተን በምትባል ትንሽ ጣቢያ የሌክ ሾር እና ሚሺጋን ሳዘርን ኩባንያ ሁለት ባቡሮች ተጋጩ። አንዱ ፈጣን የፖስታ ባቡር ነበር፤ ሌላው ለፖስታው መንገድ መልቀቅ የነበረበት የመንገደኞች ባቡር። ከሞቱት መካከል በፉርጎው ውስጥ ደብዳቤ ይለዩ የነበሩ የፖስታ ሠራተኞች ይገኙበታል። የመንገደኞቹ ባቡር ነጂ ሰዓት ለአራት ደቂቃ ቆሞ እንደገና መሄድ ጀምሮ ነበር ተባለ። ኩባንያው በክሊቭላንድ ከተማ የሰዓትና የጌጣጌጥ መደብር የነበረውን ዌብ ቦልን ጠርቶ የሰዓት ምርመራ ሥርዓት እንዲያቆም አደረገ፤ ሥርዓቱም ወደ ሌሎች ብዙ መስመሮች ተስፋፋ። ሰብሳቢዎቹ እዚህ ላይ መጽሐፉን ይዘጋሉ።

እኔ ግን እንዲዘጋ አልፈልግም። በዚያው በኪፕተን ታሪክ ውስጥ የተነገረ ሌላ ነገር አለ፤ የባቡሩ ኃላፊ ኮንዳክተር ከቀደመው ጣቢያ ተነሥቶ እስከ ግጭቱ ድረስ ሰዓቱን ከኪሱ አላወጣም፤ ነጂው ይጠነቀቃል ብሎ አስቦ ነበር። እንግዲህ በዚያ ኪስ ውስጥ የነበረው ሰዓት 17 ሳይሆን 23 እንቁ ቢኖረው ምን ይፈይድ ነበር? አደጋው የተፈጠረው የመቶዎች ሕይወት በሁለት ሰዎች የእጅ እንቅስቃሴ ላይ እንዲንጠለጠል በተደረገበት አሠራር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜም አልነበረም። ከኪፕተን 38 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በኦገስት 1853፣ በሮድ አይላንድ ግዛት ቫሊ ፎልስ በተባለ ቦታ ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው 14 ሰዎች ሞተዋል፤ ያን ጊዜም የተወቀሰው የኮንዳክተሩ ወደ ኋላ የቀረ ሰዓት ነው። 38 ዓመት ሙሉ ያው ወቀሳ፣ ያው ኪስ።

መላ ጠፍቶ ነበርን? አልነበረም። ዊልያም ሮቢንሰን በ1872 የፈጠራ መብት ያገኘበት የሐዲድ ኤሌክትሪክ መስመር፣ ባቡር በሐዲዱ ላይ ባለ ጊዜ የአደጋ ምልክት በራሱ እንዲታይ ያደርግ ነበር፤ የማንንም ኪስ አይጠይቅም። ከኪፕተን 19 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ነገር ግን በሺህ ማይል በሚቆጠር ሐዲድ ላይ ምልክት መትከል የኩባንያውን ገንዘብ ይጠይቃል። ሰዓት ግን የኩባንያውን ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሠራተኛውን ይጠይቃል። በ1893 የአሜሪካ ምክር ቤት ኩባንያዎች በባቡሮቻቸው ላይ የአየር ፍሬንና በራሱ የሚያያዝ የፉርጎ መቆለፊያ እንዲገጥሙ በሕግ አስገደደ፤ ከዚያ በፊት ፉርጎ ለፉርጎ በእጅ እያያዘ ጣቱን ያጣው፣ በሁለቱ መካከል ተጨፍልቆ የሞተው ሠራተኛ ብዙ ነበር። መቆለፊያውም ሆነ የአየር ፍሬኑ ሕጉ ከመውጣቱ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ቀድመው የተፈጠሩ ናቸው። ኩባንያዎቹ ከራሳቸው ካዝና የሚወጣን ጥንቃቄ ሕግ እስኪያስገድዳቸው አዘገዩ፤ ከሠራተኛው ኪስ የሚወጣውን ጥንቃቄ ግን በራሳቸው ፈቃድ በትጋት አስፈጸሙ። ለእኔ የምድር ባቡር ሰዓት ታሪክ ይህ ነው።

ሰዓቱን የሚገዛው ሠራተኛው ነበርና። ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ ብዙዎቹ ከደሞዛቸው እየተቆረጠ ነው የከፈሉት። ማስጠረጊያውንና ማሳደሻውንም እነርሱ ይችላሉ። በየሁለት ሳምንቱ ሰዓቱን ኩባንያው ወደ ሾመው መርማሪ ወስደው ከመደበኛው ሰዓት ጋር ያስተያያሉ፤ መርማሪውም ስንት ሰኮንድ እንደቀደመ ወይም እንደዘገየ በካርድ ላይ ጽፎ ይፈርማል። ካርዱን ሠራተኛው ይዞ ይዞራል፤ አሳይ ሲባል ያሳያል። ሰዓቱ ከተፈቀደው በላይ ከሳተ ለእድሳት ይቀርና የውሰት ሰዓት ይሰጠዋል። አማርኛችን ለዚህ ነገር የተዘጋጀ ይመስል አንድ ግሥ አለው፤ ሠራተኛው ሰዓቱን ገዛው፤ ሰዓቱም ሠራተኛውን ገዛው።

መርማሪዎቹስ እነማን ነበሩ? ብዙዎቹ በየከተማው የሰዓት መደብር ያላቸው ነጋዴዎች ነበሩ። ዋናው መርማሪ ቦል ራሱ፣ ሃሚልተንና ዋልታምን በመሳሰሉ ፋብሪካዎች እያሠራ ስሙን ያሳረፈበትን ሰዓት ይሸጥ ነበር። ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ መመዘኛው የብዙ ፋብሪካዎችን ሰዓት ይቀበል ነበር፤ የቦልን ካልገዛህ የሚል አልነበረም። ሰዓቶቹም ጥሩ ነበሩ። ነገር ግን ሰዓትህ አይሆንም ብሎ የሚፈርደው ሰውና የሚሆን ሰዓት እዚህ አለ ብሎ የሚሸጠው ሰው በአንድ መደርደሪያ ጀርባ ሲቆሙ፣ ከመደርደሪያው ወዲህ ያለው ሰው ምን እንደሚሰማው ለመገመት ልብ ወለድ ደራሲ መሆን አያስፈልግም።

እንጀራዬ በባንክ ገንዘብ መቁጠር ስለሆነ ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ አይታየኝም። በሙያችን የቀኑ ሒሳብ ሲዘጋ የጎደለውን ከፋዩ ከኪሱ ይሞላል። ሰልፉ ከበር ውጭ ተርፎ ይሆናል፤ መቁጠሪያ ማሽኑ ተበላሽቶ ሰንብቶ ይሆናል፤ መብራት ሄዶ ተመልሶ ይሆናል። ለእነዚህ ሁሉ በመዝገቡ ላይ ቦታ የላቸውም። ጉድለቱ ግን ባለስም ነው፤ የከፋዩን ስም ይዟል። ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ሰብሳቢ የእኛን ማኅተምና የብር ማሰሪያ በመስታወት ሣጥን አስቀምጦ ስለ ቀድሞ ባንኮች ጥንቃቄ ቢያወራ፣ አፈር ውስጥ ሆኜም ቢሆን እቃወመዋለሁ።

ሰብሳቢው ታሪኩን ቆርጦ መተረኩ ሳያንስ ዕቃውንም ይቆርጠዋል። በዚህ ገበያ መጀመሪያ የሚጠየቀው የእንቁ ብዛት ነው፤ 17 ተራ ነው፣ 21 ደህና ነው፣ 23 ያስጎመጃል። ቀጥሎ የደረጃው ስም ይመጣል። ስሞቹን ልብ በሉልኝ። ኤልጂን የመጀመሪያ ሰዓቱን ቢ. ደብልዩ. ሬይመንድ አለው፤ ሬይመንድ የኩባንያው የመጀመሪያ ፕሬዚዳንትና የቺካጎ ከንቲባ የነበረ ሰው ነው። የኢሊኖይ ፋብሪካ ዝነኛ ሰዓት በን ስፔሻልም በፋብሪካው ባለሀብቶች ስም የተጠራ ነው። የባለቤቶቹ ስም በማሽኑ ላይ በወርቅ ቀለም ተቀርጾ ይኖራል። የሠራተኛው ስም የሚገኘው ቢበዛ በቀፎው ጀርባ ነው፤ ራሱ ከፍሎ ያስቀረጸው ሁለት ወይም ሦስት ፊደል። ብዙ ሰብሳቢዎች እነዚያን ፊደላት እንደ ጉድፍ ቆጥረው ከዋጋው ይቀንሳሉ፤ በመወልወያ ደምስሶ የሚሸጥም አለ።

ከዚያ ደግሞ ቀፎ መቀያየር አለ። በዘመኑ ማሽኑና ቀፎው ለየብቻ ይሸጡ ነበር፤ ገዢው በመደብሩ ማሽኑን መርጦ፣ አቅሙ የፈቀደውን ቀፎ መርጦ ያስገጥማል። የሠራተኛው ቀፎ ብዙውን ጊዜ ኒኬል ወይም በወርቅ የተለበጠ ነበር። ማሽኑን የሚይዙት ብሎኖች በቀፎው ከንፈር ላይ ጭረት ይተዋሉ፤ አንድ ጥንድ ጭረት ብቻ ካለ ሁለቱ አብረው ኖረዋል፤ ሁለትና ሦስት ጥንድ ካለ ቀፎው ሌላ ማሽን አስተናግዷል። ዛሬ ሰብሳቢው የተቧጨረውን ቀፎ ጥሎ ማሽኑን ከኋላው መስታወት ባለው ቀፎ ውስጥ ያስገባዋል፤ የእንቁዎቹ ቀለም እንዲታይ። በ1980 ወርቅ እጅግ በተወደደ ጊዜ ደግሞ ብዙ የወርቅ ቀፎ ወደ ማቅለጫ ሄዶ ማሽኖቹ ራቁታቸውን ቀርተዋል። በብራና መጻሕፍታችን ላይ የደረሰውን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ሥዕሉ ያለበትን ቅጠል ቆርጦ የሚሸጥ ነጋዴ፣ በኅዳጉ ላይ ያለውን የጸሐፊውንና የባለቤቱን ማስታወሻ ምን ብሎ ይጠብቀዋል?

ከሁሉም የሚያስቀኝ (ማሳቅ የሚገባው ከሆነ) በቀፎው ላይ ባቡር የተቀረጸበት ሰዓት ነው። አላዋቂ ገዢ ባቡሩን አይቶ የምድር ባቡር ሰዓት አገኘሁ ብሎ ይከፍላል። ባቡር የተሳለባቸው ሰዓቶች አያሌዎቹ ለተራ ገዢ የተሠሩ፣ መመዘኛውን የማያልፉ ርካሽ ሰዓቶች ነበሩ። ሲያገለግል የኖረው እውነተኛው ሰዓት ሥዕል የለበትም፤ ነጭ ገጽ፣ ጥቁር ቁጥር፣ በቃ። ሥዕሉን የሚያምነው ገዢና ተረቱን የሚያምነው ሰብሳቢ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ሰብሳቢዎቹ መልስ አላቸው፤ ጠንካራም ነው። እኛ ባንሰበስብ ኖሮ ይላሉ፣ እነዚህ ሰዓቶች ከቆሻሻ ጋር ይጣሉ ነበር። እውነት ነው። በ1943 የተመሠረተው የአሜሪካ ሰዓት ሰብሳቢዎች ብሔራዊ ማኅበር በፔንሲልቬንያ ኮሎምቢያ ከተማ ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት አቁሟል፤ አባላቱ የፋብሪካ መዛግብትን አሰባስበው ከማሽኑ ቁጥር ተነሥቶ ሰዓቱ የተሠራበትን ዘመን ማወቅ እንዲቻል አድርገዋል። ይህን ድካም አላቃልልም። የማዝነው ድካሙ በአንድ ወገን ብቻ በመቆሙ ነው። በኦሃዮ ካንተን የነበረው የሃምፕደን ፋብሪካ ሲወድቅ ማሽኖቹ በ1930 ለሶቪየት ኅብረት ተሽጠው የሞስኮን የመጀመሪያ የሰዓት ፋብሪካ እንዳቋቋሙ እናውቃለን፤ መጥረቢያና መሮው ውቅያኖስ ተሻግሮ የት እንደደረሰ ተመዝግቧል። በዚያ ፋብሪካ የተሠራ አንድ ሰዓት በየትኛው መስመር፣ በየትኛው ፍሬን ያዥ ወይም ነጂ ኪስ ስንት ዓመት እንደሠራ ግን ከመቶው ሰብሳቢ ስንቱ ይጠይቃል?

ሊጠየቅ የማይችል ነገር ቢሆን ዝም ባልኩ። የሚመልሰው ወረቀት አለ፤ ያ በየሁለት ሳምንቱ የተፈረመበት ካርድ። በላዩ የሠራተኛው ስም፣ የሥራው ዓይነት፣ የሰዓቱ ስምና የማሽኑ ቁጥር፣ ቀን በቀን የተመዘገበ የሰኮንድ ልዩነት ይገኛል። አንድ ሰው ለዓመታት በሰኮንድ የተመዘነበት መዝገብ ነው። ወረቀት ስለሆነ በእሳት ያለቀው አልቋል፤ የተረፈው ደግሞ በገበያው ላይ ከሰዓቱ ይነጠላል። ሰዓቱ ወደ ሰዓት ሰብሳቢው ይሄዳል፤ ካርዱ ከትኬትና ከፋኖስ ጋር ተቀላቅሎ የምድር ባቡር ቅርስ ወደሚሰበስበው ይሄዳል። ሻጩ ከሁለት ወገን ያተርፋል።

እንግዲህ ከሰብሳቢው የምፈልገው ስብስቡን እንዲበትን አይደለም። ቀፎው ላይ ያሉትን ፊደላት አይፋቅ። የተቧጨረውን ቀፎ ጭረቱ የሚመሰክርለት ከሆነ ከማሽኑ አይለይ። ኪፕተንን ሲተርክ የኮንዳክተሩን ኪስና የሮቢንሰንን ምልክት አብሮ ይተርክ። ካርድ ያለው ደግሞ ካርዱን አገላብጦ ይይ፤ የማሽኑ ቁጥር ተጽፎበታል። ያው ቁጥር በአንድ ሰዓት ማሽን ላይ ተቀርጾ በአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ፣ ምናልባትም ከኋላው መስታወት ባለው ባዕድ ቀፎ ውስጥ፣ ተቀምጦ ይሆናል። ባለካርዱ ቁጥሩን ይፋ ያድርግ፤ ባለሰዓቱም ክዳኑን ከፍቶ ያንብብ።